ልጁ ዝም ሲል ምን እንፈትን?



«አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» ይላል ያገራችን ሰው። ብዙዎቻችን ክፍል ውስጥ የምንፈርደው በዚሁ አባባል ነው። የጠየቅነው ልጅ ቶሎ ከመለሰ ጎበዝ ነው፤ አንገቱን ከደፋ ሰነፍ ነው፤ ዝምታው ወር ካለፈው ደግሞ «ይኸ ልጅ ጤናም የለው» እንላለን። ቆይ ግን፣ አፉን እንዲከፍት የጠየቅነው በማን ቋንቋ ነው? የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

ከቅርባችን እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ2014 የሌችኮርና የኒፕኒፕ ጣቢያዎች በጎርፍ ከተጥለቀለቁ በኋላ፣ በ2015 ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች በጀዊ አዲስ መጠለያ ተከፈተ። በዚያ የሰፈሩት አብዛኞቹ የኑዌር ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው። በክልላችን ደግሞ ከኑዌር ሌላ የአኝዋሃ፣ የማጃንግ፣ የኦፖና የኮሞ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ስለዚህ አንድ ልጅ ቤቱ በአንድ ቋንቋ፣ ገበያ በሌላ፣ መጽሐፉን በሦስተኛ ቋንቋ ሊያገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ጠይቀን ዝም ሲል የለካነው ምንድን ነው? የመረዳት ችሎታውን ነው ወይስ የኛን ቋንቋ ምን ያህል እንደሰማ?

ፈተናው ከየት መጣ?

አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን የተባሉ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1905 የመጀመሪያውን የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ሲያዘጋጁ ዓላማቸው ልዩ እርዳታ የሚያሻቸውን ተማሪዎች ለይቶ ማወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ዴቪድ ዌክስለር ለልጆች ባወጣው መለኪያ ውስጥ የቃል ጥያቄዎች ለብቻ ተመደቡ። የቃላትን ፍቺ መናገር፣ ሁለት ነገሮች በምን እንደሚመሳሰሉ መግለጽ፣ «እንዲህ ቢሆን ምን ታደርጋለህ?» ለሚል ጥያቄ መልስ መስጠት፣ የመሳሰሉት ናቸው። የቃል መረዳት የምንለው በአመዛኙ ይኸንን ነው።

መሣሪያው ጠቃሚ ነው፤ ያለ ቦታው ሲውል ግን ይጎዳል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዘጠኝ የስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰብ ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው «የአእምሮ ዘገምተኞች» ተብለው ለብቻ ክፍል ገብተው ነበር። በቤታቸው ቋንቋ እንደገና ሲፈተኑ አብዛኞቹ ከዚያ መደብ በላይ ሆነው ተገኙ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ልጆች በቤታቸው ቋንቋ እንዲፈተኑ ስምምነት ተደረሰ።

ተርጉሞ መፈተንስ አይበቃም?

አይበቃም። «አልነገረችኝም» የሚለውን ያማርኛ ቃል ተመልከቱ። ማን እንዳልነገረ፣ ለማን እንዳልተነገረ፣ ድርጊቱም እንዳልተፈጸመ በአንድ ቃል ታጭቋል። በሌላ ቋንቋ ይኸው ሐሳብ ሦስት አራት ቃል ይወስዳል። ስለዚህ ባንዱ ቋንቋ ቀላል የነበረው ጥያቄ በሌላው ይከብዳል፤ የከበደውም ይቀላል። በኑዌር ቋንቋ ደግሞ ነጠላና ብዙ ቁጥር ብዙ ጊዜ በቃሉ ውስጥ ባለው አናባቢ ለውጥ ይለያሉ። ጆሮው ያልለመደ ፈታኝ ልጁ በትክክል የመለሰውን ስህተት ብሎ ሊያርም ይችላል።

የቃላቱም ምርጫ ያዳላል። ኤቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌር ሕዝብ ባሳተመው መጽሐፍ የከብት ቀለም መጠሪያዎች ምን ያህል ብዙ እንደሆኑ በዝርዝር ጽፏል። እነዚህን ስሞች አንድ ባንድ የሚለይ ልጅ በሥዕል ላይ ስላየው ባቡር ተጠይቆ ዝም ቢል ቃል አጠረው ይባላል?

ልዩነትና ጉድለት

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁሉን ነገር «ቋንቋው ስለማይገባው ነው» ብሎ ማለፍም ሌላ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት ከ100 ልጆች 7 ያህሉ ምክንያቱ በግልጽ የማይታወቅ የቋንቋ እድገት ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። በዚህ ስሌት 60 ልጆች ባሉበት ክፍል አራት ያህል ይገኛሉ ማለት ነው።

የምንለይበት ዋና ደንብ ይኸ ነው፦ እውነተኛ የቋንቋ ችግር ልጁ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ሁሉ፣ በቤቱም ቋንቋ ጭምር ይታያል። በትምህርት ቤት ብቻ የሚታይ ዝምታ ግን ብዙ ጊዜ የቋንቋ ልዩነት ነው። አዲስ ቋንቋ የሚማር ልጅ ለወራት እያዳመጠ ዝም ማለቱ የተለመደ ነው፤ ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ልጅም በፍርሃት ዝም ሊል ይችላል። ኮልታፋነትና መንተባተብ ደግሞ የንግግር እንጂ የመረዳት ጉድለት አይደሉም።

መምህሩ ምን ያድርግ?

በ2002 ዓ.ም. በስድስት ያገራችን ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ሲካሄድ የማዳመጥ መረዳትም ተፈትኖ ነበር። ከስድስቱ ውስጥ አኝዋሃም ኑዌርም አልነበሩም። የተዘጋጀ መለኪያ እስኪመጣ ቁጭ ብለን አንጠብቅም። የሚከተለው ቅደም ተከተል ምርመራን አይተካም፤ ግን ከችኩል ፍርድ ያድናል።

1ኛ፣ ጆሮውን። ከኋላው ቆማችሁ ስሙን በዝግታ ጥሩት። ጆሮው የሚመግል ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ማጅራት ገትር ወይም ራስ ያሳተው ወባ ይዞት እንደነበረ እናቱን ጠይቁ። ወባ አንጎል ላይ ሲወጣ ባንዳንድ ልጆች ላይ የቋንቋ ጉዳት እንደሚተው በኬንያ በኪሊፊ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

2ኛ፣ ቤቱን። ቋንቋውን በሚያውቅ ትልቅ ሰው አማካይነት ቤተሰቡን አነጋግሩ። «ሲላክ መልእክት ያደርሳል ወይ? ታናናሾቹ ቀድመውት ተናገሩ ወይ?» በሉ። መልእክት ቃል በቃል የሚያደርስ ልጅ የመረዳት ችግር አለበት ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

3ኛ፣ በቤቱ ቋንቋ ትእዛዝ። ጠጠር፣ ቅጠል፣ ቆርኪና የበቆሎ ፍሬ ደርድሩ። በቀላሉ ጀምራችሁ አክብዱ፦ «ጠጠሩን አንሳ።» «ጠጠሩን አንሳና ቆርኪው ላይ አድርገው።» «ቅጠሉን ከመንካትህ በፊት ፍሬውን ስጠኝ።» ዴ ሬንዚና ቪኞሎ የተባሉ ጣሊያናውያን እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጡት ፈተናም በዚሁ መንገድ ይሠራል። አደራ፣ በዓይንም በጣትም አትጠቁሙ። አስተርጓሚውም አያብራራ፤ የተባለውን ብቻ ይበል።

4ኛ፣ አስተምሮ መፈተን። አምስት አዳዲስ ቃላት በጨዋታ አስተምሩትና ከሳምንት በኋላ ጠይቁት። ከሱ ጋር አንድ ቋንቋ ከሚናገሩ እኩዮቹ ጋር አነጻጽሩት። ቶሎ የያዘ ልጅ የጎደለው ዕድል ነበር ማለት ነው።

በአራቱም ወደ ኋላ ከቀረ በእርግጥ እርዳታ ይሻል። ከፊት ይቀመጥ፤ በአጭር ዓረፍተ ነገር ይነገረው፤ እየታየው ይማር፤ ወደ ባለሙያ የሚላክበት መንገድ ይፈለግ። «ደካማ» ብሎ መዝገብ ላይ መጻፍ ግን እርዳታ አይደለም። ያ ቃል ከልጁ ጋር ከክፍል ክፍል ይሄዳል፤ የሚቀጥለውም መምህር ልጁን ሳያይ ቃሉን ያያል።

እንግዲህ አባባሉን እንዲህ ብናስፋው ይሻላል፦ አፍ ሲከፈት ጭንቅላት የሚታየው አፉ በለመደው ቋንቋ ሲከፈት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ለተግባር ልምምድ በምትሄዱበት ክፍል ዝም የሚሉ ልጆች እነማን ናቸው? በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቻቸው ጋርስ ዝም ይላሉ?
2. ከላይ የተሰጡትን ሦስት ትእዛዞች በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ አዘጋጁ። የትኛው ከበደ? የትኛው ቀለለ? ለምን?
3. ቋንቋውን የማታውቁት ልጅ ቢገጥማችሁ ማንን ታስጠራላችሁ?