ርካሽ ስኒከር በቀን ስንት ያስከፍላል? የኦቾሎ ዳገት ለጫማ ነጋዴ የሚያስተምረው

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደተጓዙ የላንቴ ሜዳ ይገኛል። የሙዝ ማሳው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተንጣሎ ይታያል። ከሜዳው ቀና ሲሉ ደግሞ ኦቾሎ ድንጋያማ ተራራ ላይ ተቀምጣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል ታያለች። ቤቱ ከላይ፣ ማሳው ወይም ገበያው ከታች የሆነ ሰው ይህን ቁልቁለት ወርዶ፣ ይህንኑ ዳገት ተመልሶ መውጣት አለበት። ላይኛው ድንጋይና ቀይ አፈር፣ ታችኛው ሙቀትና የመስኖ ጭቃ ነው።

በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ሰው የሚገዛው ጫማ አብዛኛውን ጊዜ በገበያው «ስኒከር» ወይም «ስፖርት» የሚባለው፣ ለቀላል ሩጫና ለዘወትር ተብሎ የተሠራው ርካሽ ጫማ ነው። ሩጫ ግን እምብዛም አያየውም። ጠዋት ወደ ማሳ፣ ከሰዓት ወደ ገበያ፣ ሲመሽ ወደ ኳስ ሜዳ፣ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን፤ ሁሉንም ያው አንዱ ጫማ ይሸከመዋል። ይህን ዕቃ ከመርካቶ ጭኖ ሲቀላ ገበያ ላይ የሚያራግፈው ነጋዴ ግን ጫማውን የሚመርጠው በቀለሙ፣ በጎኑ ላይ በተለጠፈው ምልክትና በካርቶኑ ዋጋ ነው። ሻጩ «ኦርጂናል ነው ወንድሜ» ይላል፤ ገዢው «የመጨረሻው ስንት ነው?» ይላል፤ ክርክሩ በዚሁ ያበቃል። ይህ ጫማ ስንት ቀን ያገለግላል ብሎ የጠየቀ የለም።

ጥያቄው ከዚህ ቀደምም መነሳት የነበረበት ቢሆንም፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሊታለፍ የማይችል ሆኗል። በዚያን ዕለት የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር ብዙም ያልራቀው የአንድ ዶላር ዋጋ በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ብር ገደማ ዘለለ፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ በጫማ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። ጉምሩክ ሲደርስ 10 ዶላር የሚያወጣ አንድ ጥንድ ስኒከር እንውሰድ። ዶላሩ በ57 ብር ሲመነዘር ዕቃው 570 ብር ነበር፤ በ100 ብር ሲመነዘር 1,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ 35 በመቶ ቀረጥ ቢታሰብ 1,350 ብር ይደርሳል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር 1,552 ብር ከ50 ሳንቲም፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲከተል ደግሞ ወደ 1,708 ብር ይጠጋል። በቀድሞው ምንዛሪ ያው ጫማ 973 ብር ገደማ ላይ ይቆም ነበር። ሌሎች ክፍያዎች፣ የትራንስፖርት ወጪና የነጋዴው ትርፍ እዚህ ውስጥ አልገቡም። ቀረጡ የሚሰላው በብር በተተመነው ዋጋ ላይ በመሆኑ፣ ምንዛሪው በጨመረ ቁጥር ቀረጡም አብሮ ይጨምራል።

እንግዲህ ገዢው በኪሱ ያለው ብር ሳይጨምር ዋጋው ሲወጣበት ወደ ርካሹ ይወርዳል። አስመጪውም ይህን ስለሚያውቅ ፋብሪካውን «ርካሽ አድርግልኝ» ይላል። ፋብሪካው የሚቀንሰው ደግሞ ዓይን የማያየውን ነው፤ ማስቲሹን፣ የሶሉን ጎማ፣ የሶሌታውን ሥር። ቀለሙና ምልክቱ እንደነበሩ ይቀራሉ።

የቀን ዋጋ

ለስሌት ያህል ሁለት ጫማዎችን እናወዳድር። አንደኛው በ1,200 ብር ይሸጣል፤ በኦቾሎ ዓይነት መንገድ 90 ቀን ያገለግላል እንበል። ሁለተኛው 1,900 ብር ነው፤ ገዢው ገና ሳያደርገው ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ሶሉን ዙሪያውን በ100 ብር ያሰፋዋል፤ 250 ቀን ያገለግላል። የመጀመሪያው በቀን 13 ብር ከ33 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 8 ብር ያስከፍላል። ባለቤቱ በዓመት 300 ቀን ጫማ የሚያደርግ ቢሆን በርካሹ 4,000 ብር፣ በውዱ 2,400 ብር ያወጣል። ማለትም መጀመሪያ ላይ 800 ብር ጨምሮ የከፈለ ሰው በዓመቱ 1,600 ብር ያተርፋል። ይህን ያህል ወለድ የሚከፍል ባንክ አይገኝም።

ታዲያ ሰው ለምን ርካሹን ይገዛል? መልሱ አለማወቅ አይደለም። ሙዝ የሚሸጥ ገበሬ ገንዘቡ የሚገባው በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ በገባበት ቀን ደግሞ ዘይት፣ ደብተርና ማዳበሪያ ከፊቱ ቆመዋል። ተጨማሪዋ 800 ብር በዚያን ዕለት የለችም። የድሃ ዕቃ ውድ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው ዱቤ ወይም ዕቁብ ሲሆን፣ ጫማን በሁለት ጊዜ ክፍያ ለሚያውቀው ደንበኛ መስጠት የደፈረ ነጋዴ ገበያ ያገኛል ብሎ ማሰብ አያሳስትም።

ነገር ግን የነጋዴውንም ሒሳብ ሳይሸፋፍኑ ማየት ያስፈልጋል። በሁለቱም ላይ 15 በመቶ ትርፍ ቢይዝ፣ ከርካሹ ጫማ በአንድ ጥንድ 180 ብር ያገኛል። ደንበኛው በ300 ቀን ከሦስት ጥንድ በላይ ስለሚጨርስ ትርፉ 600 ብር ይደርሳል። ከውዱ በጥንድ 285 ብር ቢያገኝም በዚያው ጊዜ የሚሸጠው አንድ ጥንድ ከአንድ አምስተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ትርፉ 342 ብር ነው። በወረቀት ላይ ቶሎ የሚበጣጠሰው ጫማ ለነጋዴው ይሻላል። ርካሽ ስኒከር ገበያውን የሞላበት ምክንያት የገዢው አቅም ብቻ አለመሆኑን ይህ ስሌት ያሳያል።

ስሌቱ የሚፈርሰው ደንበኛው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥንድ ከዚያው ሱቅ የማይገዛ ከሆነ ነው። በመርካቶ ሰው ከሰው አይተዋወቅም፤ የከፋው ደንበኛ ቢሄድ ሌላ ይተካል። ጋሞ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በተለይ ኦቾሎ ሕዝቡ ጉዳዩን ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ተሰብስቦ የሚመክርባት አገር ናት። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ የሚያጠናው ይህንኑ የአደባባይ ፖለቲካ ነው። ዱቡሻ ላይ የጫማ ዋጋ አጀንዳ ይሆናል ማለት አይደለም። ሆኖም ሰው እንዲህ በሚገናኝበት አገር የአንድ ሱቅ ጫማ ሶሉን እንደጣለ ለመሰማት ከአንድ የገበያ ቀን በላይ አይፈጅም።

ካርቶኑ ሳይከፈል መታየት ያለበት

የመጀመሪያው ፈተና ሶሉ ነው። ርካሽ ስኒከር አብዛኛውን ጊዜ ሶሉ ኢቪኤ ከሚባል ቀላል ስፖንጅ የተሠራ ነው። ደህናው ጫማ ከዚህ ስፖንጅ በታች መሬት የሚነካ የጎማ ሽፋን አለው፤ ደካማው እስከ መሬት ድረስ ስፖንጅ ብቻ ነው። አስፋልት ላይ ለሚሄድ የከተማ ሰው ስፖንጁ ብቻውን ለጊዜው ሊበቃ ይችላል፤ እንዲያውም ቀሎ ይመቸዋል። ድንጋይ ላይ ግን እንደ ላጲስ ይፋቃል፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ ደግሞ ያንሸራትታል። በጥፍር ጫን ሲሉት ምልክቱ የሚቀር ሶል ስፖንጅ ነው። ጎማ ይመለሳል፤ ሲይዙትም ከበድ ይላል።

ማሰፋትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጫማ ሰፊው መርፌውን የሚያሳልፈው በጎማ ጠርዝ ከሆነ ስፌቱ ይይዛል፤ የጫማውንም ዕድሜ ያረዝማል። በለስላሳ ስፖንጅ ካሳለፈው ግን ክሩ ራሱ ስፖንጁን እየቆረጠ ይወጣል፤ በመርፌው ቀዳዳም ውኃ ይገባል። ስለዚህ «አሰፋዋለሁ» ብሎ ደካማ ጫማ መግዛት ሁልጊዜ አያዋጣም። ከላይ ባለው ስሌት 100 ብሩ የተጨመረው ለጎማ ሶሉ ጫማ መሆኑ ልብ ይባል።

ሁለተኛው ማስቲሹ ነው። ጫማውን በተረከዙና በጫፉ ይዞ ማጠፍ ነው። ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ የሚታጠፍ ጫማ ደህና ነው፤ ወገቡ ላይ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ እግርን አይደግፍም። ታጥፎ እንደተያዘ በሶሉና በቶማያው መካከል ክፍተት ከታየ ማስቲሹ ገና በሱቁ መልቀቅ ጀምሯል ማለት ነው። ቀጥሎ ሶሌታውን አውጥቶ ከሥሩ ማየት ይገባል። ጨርቅ ከሆነ መልካም፤ ካርቶን ከሆነ የመጀመሪያው ዝናብ ይጨርሰዋል።

በቅናሽ የሚቀርብ የቆየ ዕቃ ላይ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ፖሊዩሬቴን ከሚባለው ማቴሪያል የተሠራ ሶል ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ለዓመታት ሲቀመጥ ማንም ሳያደርገው ይበላሻል። በዓይን ሲያዩት አዲስ ነው፤ በሳምንቱ ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ደላላው «መጋዘን ማጽጃ ነው» ብሎ በግማሽ ዋጋ ካቀረበ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ቁጥርም ገንዘብ ነው። ከልጅነቱ ባዶ እግሩን የኖረ ሰው የእግሩ ፊት ሰፊ ነው። ጠባብ ሆኖ የተሠራ ጫማ አልገባ ሲለው አንድ ቁጥር ጨምሮ ይገዛል፤ ያኔ ተረከዙ ይሰፋዋል፤ ቁልቁለት ሲወርድ እግሩ ወደፊት እየተንሸራተተ ጣቱ ከጫማው ጫፍ ጋር ይጋጫል። ስለሆነም ለዚህ ገበያ ፊቱ ሰፋ ያለ ቅርጽ መምረጥ፣ ሲለካም ቆሞ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ መተው ይገባል። ጅምላ ሲገዛ የካርቶኑን የቁጥር ስብጥር ሳያይ የሚከፍል ነጋዴ፣ የሚፈለገው ቁጥር በሁለት ገበያ አልቆበት፣ ማንም የማይጠይቀው ቁጥር መደርደሪያ ላይ ገንዘቡን ይዞ ይቀመጥበታል።

ቶማያውን በተመለከተ የአርባ ምንጭ ገበያ ከአዲስ አበባው ይለያል። ለሩጫ የሚሠራ ጫማ ላብ እንዲወጣ ተብሎ ቶማያው መረብ ይሆናል። በላንቴ ሙቀት ይህ ጥሩ ነው። በደጋው ግን ሌላ ጉዳይ አለ። ከእሳተ ገሞራ አለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ ደቃቅ የአፈር ቅንጣት በቆዳው ገብቶ እግሩን የሚያሳብጥ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለ በሽታ ሊይዘው ይችላል፤ ሕዝቡ ከዝሆኔ ይቆጥረዋል። በሽታው ወላይታንና የጋሞ ደጋን ጨምሮ በብዙ የአገራችን ክፍሎች ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር ያየዋል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ሳይሞላው ተቀዶ ባለቤቱን ወደ ባዶ እግር የሚመልስ ጫማ ኪሳራው ከ1,200 ብር በላይ ነው። ዓይነ ሰፊ መረብም ደቃቁን አፈር ያሳልፋል። ለደጋ ደንበኛ ሽመናው ጠበቅ ያለ ቶማያ መምረጥና ካልሲ አብሮ መሸጥ ይሻላል፤ ካልሲ ደግሞ በራሱ ደህና ትርፍ ያለው ዕቃ ነው።

ምልክቱን እንተወው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ያለ ጫማ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ በጫማ ሮጦ ሁለቱንም አሸንፏል። ገበያው ውስጥ ያለው ባለ ምልክት ርካሽ ጫማ በብዛት ቅጂ ነው፤ ለምልክቱ የሚከፈለው ተጨማሪ ብር ለጎማ ቢከፈል ይመረጣል። ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ምንም ምልክት ሳይኖረው በቀን ዋጋ ሲሰላ ብዙውን ስኒከር ያስከነዳል። ወጣቱ የማይፈልገው ስለ መልኩ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. ሶል ሬብልስን አዲስ አበባ ስትመሠርት የያዘችው ሐሳብ ይኸው አሮጌ የጎማ ሶል ነበር፤ መልኩን አሳምራ ለውጭ ገበያ አቀረበችው። ለአገር ውስጥ ገበያ፣ ጎማ ሶል ያለው፣ ፊቱ ሰፊ፣ መረቡ ጠበቅ ያለ ስኒከር በተመጣጣኝ ዋጋ የሚያመርት ባለሀብት ምንዛሪው የጨመረበትን ውጭ ገብ ዕቃ ለመወዳደር ከዚህ የተሻለ ጊዜ ላያገኝ ይችላል። ስፖንጁና ማስቲሹ ከውጭ የሚገቡ ከሆነ ግን የዶላሩ ሒሳብ እሱንም ይከተለዋል።

እስከዚያው ከመርካቶ የሚጭነው ነጋዴ የሚያዋጣው አንድ ወጪ አለ። አሥር ካርቶን ከመክፈሉ በፊት ሁለት ጥንድ ገዝቶ፣ በኦቾሎና በላንቴ መካከል በየቀኑ ለሚመላለስ አንድ ወጣት ይስጥ፤ ጊዜው የሚያዝያ ዝናብ የሚጥልበት ቢሆን ይመረጣል። በ30ኛው ቀን ጫማውን አስመጥቶ ሁለት ቦታ ይይ፤ ጣት የሚታጠፍበትን የጎን ማስቲሽና የተረከዙን ሥር። ማስቲሹ ከለቀቀ፣ ካርቶኑ እዚያው መርካቶ ይቅር።