የሉአው ግብዣና ከእርሱ የተማርሁት

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከእናቴ ጋራ በሥራ ምክንያት በሆኖሉሉ ወደሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ሄደን ነበር። ሆኖሉሉ በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ያሉት የሐዋይ ደሴቶች ዋና ከተማ ናት። ሐዋይ ቀድሞ የራስዋ ነገሥታት ነበሩአት፤ ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ ግን 50ኛዋ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ሆናለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ሳለን የአገሩ ተወላጅ የሆነ የአጎቴ የሥራ ባልደረባ የልጁን የመጀመሪያ ዓመት ልደት ሲያከብር ሦስታችንንም ጠራን። እንዲህ ያለው ግብዣ ሉአው ይባላል። በየሆቴሉ ለጎብኚዎች በገንዘብ የሚቀርብ ሉአው አለ፤ እኛ የተጠራንበት ግን የቤተ ዘመድ ድግስ ነበር። ካፒቴን ኩክ በ1778 ዓ.ም. ወደ ደሴቶቹ ከደረሰ ወዲህ ከባሕር ማዶ የገባው በሽታ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበርና፥ ሕፃን አንድ ዓመት ሲሞላው ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ደስታውን ይገልጻል።

በመጀመሪያ የጎበኘነው ኢሙ የሚሉትን የመሬት ውስጥ ምድጃ ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ጉድጓድ ይቆፈርና እንጨት ይነድበታል፤ በእሳቱም ላይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ድንጋይ ተከምሮ እስኪግል ድረስ ይቆያል። ድንጋዩ ቀዳዳ የበዛበት መሆን አለበት፤ ድፍን ወይም እርጥብ ድንጋይ በሙቀት ሊፈነዳ ይችላል። በጋለው ድንጋይ ላይ የተቀጠቀጠ የሙዝ ግንድ ይነጠፋል፤ ከዚያ በላይ በቅጠል የተሸፈነው አሳማ ይቀመጣል፤ ከላዩም ቅጠል፥ እርጥብ ጆንያና አፈር ይለበሳል። ሥጋውን የሚያበስለው ነበልባል ሳይሆን ከሙዙ ግንድ የሚወጣው እንፋሎት ነው። ከብዙ ሰዓት በኋላ ሲከፈት ሥጋው በጣት ሲነካ ይለያያል።

እነሆ ጭንቀቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እኛ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የአሳማ ሥጋ አንበላም። የሕፃኑ ሴት አያት ግን፥ ሁሉም «ቱቱ» እያሉ የሚጠሩአቸው ደግ ባልቴት፥ ከሥጋው አንሥተው በገዛ እጃቸው ሳሕኔ ላይ አደረጉልኝ። አልበላም ለማለት አፈርሁ። ስለዚህ ሰው ያላየኝ መስሎኝ ሥጋውን በገበታው ላይ ከተነጠፈው ቅጠል ሥር ደበቅሁት።

እናቴ አየችኝ። «ምነው ልጄ፥ የሰው እህል እንዲህ ይጣላል? አንደበት የለሽም?» ብላ በአማርኛ ትቆጣኝ ጀመር። ቱቱ ቋንቋችንን ባያውቁም ፊታችንን አይተው ገባቸው። ከመካከላችን የተቀመጠውን የእንጨት ገበቴ በጣታቸው አመለከቱና «ፖይ ተከፍቶ ሳለ ቍጣ የለም» አሉ፤ አጎቴም ተረጐሙልን።

ፖይ ካሎ ከሚባል ሥር ይሠራል። ሥሩ ተቀቅሎ ይላጣል፤ በድንጋይ ይወቀጣል፤ ውሃ እየተጨመረበትም እንደ ሊጥ ይሆናል፤ ሲያድርም ይቦካል። የሚበላው በጣት ነው። በሐዋያውያን ጥንታዊ ትረካ ካሎ ሞቶ ከተወለደ ሕፃን መቃብር የበቀለ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የተወለደው ልጅ የሰው አባት ሆነ። ስለዚህ ካሎ ታላቅ ወንድም ነውና በፊቱ መጣላት ነውር ነው።

አጎቴ የደበቅሁበትን ምክንያት ሲያስረዱልኝ ቱቱ ፈገግ አሉና ይህን ታሪክ ነገሩን። በጥንቱ ሥርዓት ሴት ከወንድ ጋራ በአንድ ገበታ መብላት አይፈቀድላትም ነበር። የአሳማ ሥጋ፥ ኮኮናትና አብዛኛው የሙዝ ዓይነት ለሴት እርም ነበሩ፤ ሥርዓቱን ያፈረሰ በሞት ሊቀጣ ይችል ነበር። በ1819 ዓ.ም. ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ ሞቶ ልጁ ዳግማዊ ካሜሃሜሃ ነገሠ። በዚያው ዓመት እናቱ ኬኦፑኦላኒና ከአባቱ ሚስቶች አንዲቱ ካአሁማኑ ስለ ገፋፉት፥ ንጉሡ ሰው ሁሉ እያየ ከሴቶች ገበታ ተቀምጦ በላ። ወንዱና ሴቱ በአንድነት የሚበሉበት ግብዣ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

ቀጥሎም ቱቱ በኮኮናት ወተት የተሠራ አረንጓዴ ወጥ አቀረቡልኝና «የግብዣው ስም የተወሰደው ከአሳማው አይደለም፤ ሉአው ማለት ይህ የካሎ ለጋ ቅጠል ነው። ይህን ብዪ፤ ሉአው በላሽ ማለት ነው» አሉኝ።

እናቴ ያልበሰለውን ቅጠል ባየች ጊዜ «ይህማ ጎደሬ ነው!» ብላ ጮኸች። ተወልዳ ያደገችው በወላይታ ነውና አልተሳሳተችም፤ ካሎና በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚበቅለው ጎደሬ አንድ ተክል ናቸው። መነሻው እስያ ሲሆን፥ በአንድ ወገን የሐዋይ ቀደምት ሰዎች በታንኳ ይዘውት ተሻገሩ፤ በሌላው ወገን ወደ አፍሪካ ደረሰ። በደንብ ሳይበስል ከተበላ ጉሮሮ እንደሚያሳክክ እናቴ ስትናገር ቱቱ እየሳቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስለ አበሳሰሉ ሲጨዋወቱ አጎቴ ለመተርጐም ፋታ አጡ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በእንግድነት ሄዳችሁ የማትበሉት ምግብ ቢቀርብላችሁ እንደ እኔ አትደብቁ፤ አመስግናችሁ እውነቱን ተናገሩ። እናንተም እንግዳ ስትቀበሉ የማይበላውን ብቻ አትመልከቱ፤ የሚበላውን ፈልጉለት።

ከተመለስን በኋላ እናቴ አንድ ቀን ጎደሬ ቀቀለች። ታናሽ ወንድሜና እኔ በትልቁ ቍራሽ መጨቃጨቅ ስንጀምር እናቴ ምንም ሳትናገር በጣትዋ ሳሕኑን አመለከተች። እኔም ዝም አልሁ፤ ትልቁንም ለእርሱ ተውሁለት።