ዋጋን መተመን ፍትሕ ነውን?
ለነጋዴዎችና ለቤተ ሰቦቻቸው የተሰጠ ትምህርት

ምስጋና ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

ወንድሜ ነጋዴ ሆይ፤ ይህ ትምህርት ሚዛን ለምትይዝበት እጅህና በሚዛኑ ትርፍ ለምታሳድጋቸው ልጆችህ የተጻፈ ነው። በቆሰበርም ሆነ በዳንግላ፣ የጤፍና የገብስ፣ የዘይትና የስኳር ዋጋ ከፍ ባለ ጊዜ ሁለት ድምፅ ይሰማል። ገዢው፣ «መንግሥት ዋጋ ይቁረጥልን፤ ነጋዴው ጨረሰን» ይላል። ሻጩ ደግሞ፣ «ዕቃው የእኔ ነው፤ በገንዘቤ ማን ያዝዝብኛል?» ይላል። ሁለቱም የሚጠሩት ፍትሕን ነው። ዳሩ ግን ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ስም ሲጠራ እውነቱ ይሰወራል። ስለዚህ ፍርድህን ከመስጠትህ አስቀድመህ ሦስት ነገሮችን መርምር፤ በመዲና ገበያ የሆነውን፣ በጎጃም ምድር የታየውንና በራስህ መጋዘን ውስጥ ያለውን።

አንደኛ፤ በመዲና የሆነው

አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ በመዲና ዋጋ በተወደደ ጊዜ ሰዎች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርበው ዋጋ እንዲተምኑላቸው ለመኑ። እርሳቸው ግን አልተመኑም። ውድነትና ርካሽነት በአላህ እጅ መሆኑን አስታወሱ፤ በገንዘቤ በደለኝ ብሎ የሚከሳቸው አንድ ሰው እንኳ ሳይኖር ከጌታቸው ጋር ለመገናኘት እንደሚሹም ገለጹ። አስተውል፤ ይህን ያደረጉት የነጋዴው ትርፍ እንዲበዛ አስበው አይደለም፤ በሰው ገንዘብ ላይ ያለ ፈቃዱ መወሰን በደል እንዳይሆን ፈርተው ነው እንጂ።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ገበያ ጠባቂ የለውም» የሚል ሰው ተሳስቷል። እኒያው ነቢይ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አግብተው እርጥበቱን ባገኙ ጊዜ ሻጩን ገሥጸውታል። ባለ ሀገሩ ገበያ ሳይደርስና ዋጋውን ሳያውቅ በመንገድ ተቀብሎ መግዛትን ከልክለዋል። እህልን አከማችቶ መወደዱን የሚጠባበቅ ሰው ኃጢአተኛ መሆኑንም ተናግረዋል። እንግዲህ ዋጋን አልተመኑም፤ ገበያውን ግን ያለ ሥርዓት አልተዉም።

በ1328 እ.ኤ.አ. የሞቱት ሊቅ ኢብን ተይሚያ ስለ ሒስባ፣ ማለት ስለ ገበያ ጥበቃ፣ በጻፉት መጽሐፍ ይህን ነገር ለሁለት ከፍለውታል። ዕቃው በማነሱ ወይም ገዢው በመብዛቱ ዋጋ የተወደደ እንደ ሆነ፣ ሰዎችን በተወሰነ ዋጋ ሽጡ ብሎ ማስገደድ በደል ነው። ነገር ግን ሻጮች ሕዝብ የግድ የሚፈልገውን ዕቃ ይዘው ከተገቢው ዋጋ በላይ ካልሆነ አንሸጥም ያሉ እንደ ሆነ፣ ሹሙ በተገቢው ዋጋ እንዲሸጡ ሊያስገድዳቸው ይገባል። ስለዚህ የሚጠየቀው «ተመን ይኑር ወይስ አይኑር?» ተብሎ ብቻ አይደለም፤ «ውድነቱ ከምን መጣ?» ተብሎ ነው።

ስለ ሹሙም አንድ ምሳሌ ስማ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ሐጢብ ኢብን አቢ በልተዐህ ዘቢብ ሲሸጥ አግኝተው፣ ዋጋውን ከፍ እንዲያደርግ አለዚያ ከገበያው እንዲያነሣ አዘዙት። ኢማም አሽ ሻፊዒ ባስተላለፉት ዘገባ እንደሚገኘው፣ ዑመር ራሳቸውን ከመረመሩ በኋላ ወደ ሐጢብ ቤት ሄደው፣ የተናገሩት ለሕዝብ በጎ አስበው እንጂ ፍርድ አለመሆኑን፣ በወደደውም ስፍራና በወደደው መንገድ መሸጥ እንደሚችል ነገሩት። ትእዛዙን መርምሮ የሚመልስ ገዢ ክብሩ አይቀንስም።

ሁለተኛ፤ በጎጃም የታየው

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በጎጃም ብዙው ሙስሊም የርስት ባለመብት ስላልነበረ ኑሮው በንግድና በሽመና ላይ የቆመ ነበር። የሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ በአደባባይ ተሰማ፤ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰለፉ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ያን የርስት ልዩነት አስቀረ። ይህ መንግሥት በትክክል ሲገባ የሚያደርገው በጎ ነገር ነው።

ያው መንግሥት ግን ቀጥሎ በእህል ገበያ ገባ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቁሞ ገበሬው ኮታውን በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ተደረገ፤ ዋጋውም ከገበያው ያነሰ ነበር። ምርቱ ያልበቃለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። እህል ከአገር አገር እንዳይዘዋወር በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ትርፍ አምራች በነበሩት በጎጃምና በአርሲ የግል የእህል ንግድ እስከ መከልከል ደረሰ። የታሰበው የከተማው ሰው በርካሽ እንዲበላ ነበር፤ የተገኘው ግን ገበሬው ለማምረት መታከቱ፣ ነጋዴው በጨለማ መጓዙ ነው። በ1982 ዓ.ም. ኮታውና የተቆረጠው ዋጋ ተነሣ።

ከዚያም ወዲህ ነገሩ ተመልሷል። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. የንግድ ሚኒስቴር ስኳር፣ ዘይት፣ ሥጋና ሩዝ ባሉባቸው ከዐሥር በሚበልጡ ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ከዕቃዎቹ አንዳንዶቹ ከመደርደሪያ ጠፉ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ጣሪያው ለብዙዎቹ ተነሣ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ትናንት በመደርደሪያ የነበረ ዕቃ ዛሬ በአዲስ ዋጋ ሲጠየቅ ሕዝቡ ተቈጣ፤ ያለ አግባብ ዋጋ ጨመሩ የተባሉ ሱቆችም ታሸጉ።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ዕቃ በጠፋበት ዘመን ዋጋን በትእዛዝ ማውረድ ዕቃውን አያበዛውም፤ ይሰውረዋል እንጂ። ዕቃ እያለ የሚሰውር ነጋዴ ግን የትእዛዙ አባት እርሱ ራሱ ነው።

ሦስተኛ፤ በመጋዘንህ ያለው

እንዲህ የሚል ቢኖር፤ «በድሮ ዋጋ የገዛሁትን በዛሬው ዋጋ ብሸጥ ሐራም ነውን?» እንላለን፤ ሸሪዓ ለትርፍ የተቆረጠ ልክ አላወጣም። ዑርዋ አል ባሪቂ (ረ.ዐ.) ነቢዩ በሰጡት አንድ ዲናር ሁለት በግ ገዝቶ፣ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጦ፣ ዲናሩንና በጉን ይዞ በተመለሰ ጊዜ በረከትን ለመኑለት እንጂ አልገሠጹትም። ዕቃውን ለመተካት በአዲሱ ዋጋ መግዛትህ የማይቀር እንደ ሆነ በገበያው ዋጋ መሸጥህ በደል አይባልም። ነገር ግን በርህን ዘግተህ «የለም» ካልህ፣ ወይም የገዢውን አለማወቅ አይተህ ዋጋውን ካጠፍህበት፣ ያን ጊዜ ከንግድ ወደ በደል ተሻግረሃል።

እንዲህ የሚል ቢኖር፤ «ገበሬው ድንቹንና ገብሱን በጎታው ሲያኖር ኢሕቲካር አይደለምን?» እንላለን፤ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ የራሱን ምርት ያስቀመጠ ሰው አከማቺ አይባልም፤ አከማቺ የሚባለው ከሰው ገበያ ሸምቶ ሰው ሲቸገር የሚይዝ ነው። ምን ዕቃ ይከለከላል በሚለው ግን ተለያይተዋል። አንዳንዶቹ ምግብን ብቻ ብለዋል፤ አቡ ዩሱፍ ግን መያዙ ሕዝብን የሚጎዳ ዕቃ ሁሉ ነው ብለዋል። ማዳበሪያና መድኃኒት በተቸገርንበት ዘመን የእርሳቸው ቃል ለነፍስህ የሚጠነቀቅ ነው።

በጎህ ሳይቀድ በመንገድ ቆመህ፣ ከገጠር ድንች ጭኖ ከሚመጣው ሰው የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ የምትቀበል ደላላ ካለህ፣ ዕወቅ፤ ይህ በመዲና የተከለከለው ያው ነገር ነው። ሰውየው ቆሰበር ገብቶ ዋጋውን ይስማ፤ ከዚያ በኋላ በፈቃዱ ይሽጥልህ።

እንዲህ የሚል ቢኖር፤ «ሹሙ ቢበድለኝስ?» እንላለን፤ በደልን በውሸት አትመልስ። የገዛህበትን ደረሰኝ ጠብቅ፤ የመጓጓዣውን ወጪ ጻፍ፤ ከባልንጀሮችህ ጋር ሆነህ በጽሑፍ አቤት በል። ዋጋን ለመስቀል መማከር ግን ክርክር አይደለም፤ በሕዝብ ላይ መዶለት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ዋጋ እንዲለጠፍ፣ ደረሰኝ እንዲሰጥ፣ ዕቃ እንዳይከማች ደነገገ፤ ለመሠረታዊ ዕቃዎችም መንግሥት ዋጋ መወሰን የሚችልበትን መንገድ አስቀመጠ። አስተውል፤ የፊተኞቹ ሦስቱ አላህን የሚፈራ ነጋዴ ያለ አዋጅም የሚፈጽማቸው ናቸው። ክርክሩ ያለው በመጨረሻው ላይ ብቻ ነው፤ በእርሱም ላይ የምትከራከርበት ቃል የሚሰማህ የፊተኞቹን ስትፈጽም ነው።

ለሹሙም የምንለው አለን። ሱቅ ከማሸግህ በፊት ውድነቱ ከምን እንደ መጣ መርምር። የሰወረውንና ያጣውን ለይ፤ ሁለቱን በአንድ ማኅተም የዘጋ ሰው ንጹሑን በድሏል፤ በዚያ ሱቅ የሚያድሩትንም ልጆች አስርቧል።

እናንተም እናቶችና እኅቶች ሆይ፤ የቤታችሁ ማዕድ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ባል ማታ ገንዘብ ቆጥሮ ሲገባ «ስንት አተረፍህ?» ብቻ አትበሉት፤ «ማንን አስከፍተህ መጣህ?» በሉት። ልጅ ሚዛን ከመማሩ በፊት አባቱ በሚዛን ሲያደርግ ያየውን ይማራል።

ወንድሜ ሆይ፤ በመጨረሻ አንድ ነገር ራስህን ጠይቅ። ነገ አንተ ገዢ፣ ያ ገዢ ደግሞ ሻጭ ብትሆኑ፣ ዛሬ የምትከራከርለትን ሥርዓት ትወደዋለህን? አዎ ካልህ፣ ክርክርህ የፍትሕ ነው፤ በሹም ፊት ቆመህ አትፈር። አይደለም ካልህ ግን፣ የምትከራከረው ለከረጢትህ ብቻ ነው፤ ወደ መጋዘንህ ተመለስና በሩን ክፈት።

አላህ ገበያችንን ከመጭበርበር፣ ሹሞቻችንን ከመበደል፣ ቤቶቻችንን ከሐራም ይጠብቅልን። አሚን።