አልነሳም ያለ ማሽን በስልክ ይነሳል?

ቃሊቲ አካባቢ ጀሪካን የሚያመርቱ አንድ ባለሀብት ባለፈው ዓመት ማሽናቸው ለ9 ቀናት ቆሞባቸው ነበር። ማሽኑ አልተሰበረም፣ አልተቃጠለምም። ማስነሻው ሲጫን ዝም አለ እንጂ። የሻጩ ኩባንያ መሐንዲስ ከቻይና በቴሌግራም እየጠየቀ፣ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን እየመለሰ ቀናት አለፉ፤ አንድ ኤሌክትሮኒክ ካርድ እንዲለወጥ ተወስኖም ፕሮፎርማ መጣ። በ9ኛው ቀን የተገኘው ምክንያት ግን ከማሽኑ ጀርባ ያለች ቀይ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ነበረች። ጥሬ ዕቃ ሲራገፍ ጆንያ ገፍቷት ተጭና ቀርታለች። እንዲህ ያለች ቁልፍ አንዴ ከገባች ተጠምዝዛ ካልተለቀቀች ማሽኑ አይነሳም።

የሚያስቆጨው መሐንዲሱ ጥያቄውን በመጀመሪያው ቀን መጠየቁ ነው። “ኢመርጀንሲው ተጭኗል?” አለ፤ “አልተጫነም” ተባለ። መላሹ አልዋሸም። ያየው የፊተኛውን ብቻ ነው። በማሽኑ ላይ ሦስት እንዳሉ የሚያውቅ አልነበረም።

ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁትን የእኚህን ባለሀብት ታሪክ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ማሽን ገዝቶ ወደ ምርት የሚገባ ነጋዴ ሁሉ የሻጩን መሐንዲስ በአብዛኛው የሚያገኘው በስልክ ነው። የስልኩ እርዳታ የሚያወጣው ዋጋ ደግሞ የሚወሰነው ከወዲያኛው ጫፍ ባለው ሰው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሰው አይቶ በሚናገረው ነገር ነው።

የቆመ ማሽን ሒሳብ

በምሳሌ እናስላው። ማሽኑ በ20 ሚሊዮን ብር ብድር ተገዛ፣ ወለዱም በዓመት 18 በመቶ ነው እንበል። ወለዱ ብቻውን በቀን 9,863 ብር ይቆጥራል። በወር 8,000 ብር የሚከፈላቸው 12 ሠራተኞች ካሉ በቀን 3,200 ብር ይታከላል። በ9 ቀናት ሁለቱ ተደምረው ወደ 117,600 ብር ይደርሳሉ። በዚህ ውስጥ ያልተሸጠው ምርትና ወደ ሌላ አምራች የሄደው ደንበኛ አልገቡም።

ባለሙያው ራሱ ይምጣ ቢባል ቲኬቱም፣ አበሉም በውጭ ምንዛሪ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተደረገ ወዲህ ያው ዶላር ከቀድሞው የባንክ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ብር ይጠይቃል። መጥቶ ቁልፍ ጠምዝዞ ሊመለስ ከሆነ ኪሳራው ምን ያህል እንደሚያንገበግብ አንባቢ ይገምተው።

ዝምታውም ዓይነት አለው

“ማሽኑ አይነሳም” የሚለው ቃል ሩቅ ላለ መሐንዲስ ምንም አይነግረውም። ሐኪም ዘንድ ቀርቦ “አሞኛል” ብሎ ዝም እንደማለት ነው። ስለዚህ ስልኩ ከመደወሉ በፊት አለመነሳቱ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ይገባል።

አንደኛው ፍጹም ዝምታ ነው። በመቆጣጠሪያው ሳጥን ላይ አንዲትም መብራት የለችም። እዚህ ላይ ጥርጣሬው ወደ ኃይል አቅርቦቱ ይሄዳል፤ ዋናው ማብሪያ፣ ብሬከር፣ ፊውዝ፣ ወይም ለመቆጣጠሪያው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ 24 ቮልት የሚሰጠው መለዋወጫ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መብራቶቹ በርተው ማስነሻው ሲጫን ግን “ቀጭ” የሚል ድምፅ የማይሰማበት ነው። “ቀጭ” የሚለው ኮንታክተር የተባለው፣ ኤሌክትሪክን ወደ ሞተሩ የሚለቀው ትልቅ ማገናኛ ነው። እሱ ካልተንቀሳቀሰ ትዕዛዙ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ትዕዛዙ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍባቸው ብዙ በሮች አሉ፦ የአደጋ ማቆሚያዎቹ፣ የመከላከያ ክዳኖቹ፣ የዘይትና የአየር ግፊት መጠበቂያው፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚቆርጠው ኦቨርሎድ። ነገሩ በየቢሮው ፊርማ እንደሚዞር ፋይል ነው። አንዱ ካልፈረመ ሌሎቹ ሁሉ ቢፈርሙም ፋይሉ አይንቀሳቀስም። የቃሊቲው ማሽን የተያዘው እዚህ ላይ ነበር።

ሦስተኛው እጅግ አደገኛው ነው። “ቀጭ” ይላል፣ ሞተሩም ያጉረመርማል፣ ግን አይዞርም። ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ጠፍቷል፤ ወይም ማሽኑ በውስጡ በቀረ ዕቃ ተይዟል። በዚህ ጊዜ “እስቲ እንደገና ሞክረው” ማለት ሞተሩን ማቃጠል ነው። ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል። በሦስቱም ፌዞች መካከል፣ ማለትም በ1 እና 2፣ በ2 እና 3፣ በ1 እና 3 መካከል፣ ያለውን ቮልቴጅ ኤሌክትሪሺያኑ ለየብቻ ለክቶ ይጻፍ። ሦስቱ ቁጥሮች ወደ 380 ወይም 400 የቀረቡና እርስ በርስ የተቀራረቡ መሆን አለባቸው። ሌሎች ሞተሮች እየሠሩ ከሆነ የጠፋው ፌዝ ያለ መስሎ ሊታይ ስለሚችል እነሱን አጥፍቶ መለካት ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ኤሌክትሪሺያኖች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ቮልቴጁን የሚለኩት ማሽኑ ቆሞ ሳለ ነው፤ ቴስተሩም 380 ያሳያል፤ “መብራቱ ደህና ነው” ይባላል። ሞተር ግን በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው ከ5 እስከ 8 እጥፍ የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይስባል። መስመሩ ቀጭን ወይም ትራንስፎርመሩ የተጨናነቀ ከሆነ ቮልቴጁ በዚያች ቅጽበት ይወርዳል። የሞተር የማንሻ ጉልበት የሚቀንሰው ደግሞ በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው። ከ380 ወደ 320 ቢወርድ ጉልበቱ 71 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። ጠዋት የሚነሳ ወፍጮ ማታ እምቢ የሚለው በዚህ ሊሆን ይችላል። መሐንዲሱ የሚፈልገው በመነሻዋ ሰከንድ የተለካውን ቁጥር ነው።

አራተኛው ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ስንት ሰከንድ ዞሮ እንደጠፋና በስክሪኑ ላይ የወጣውን የስሕተት ቁጥር መናገር ነው። ቁጥሩን ፎቶ ሳያነሱ ማጥፋት ማስረጃን ማጥፋት ነው።

በከተማችን ደጋግሞ የሚያጋጥም ሌላም አለ። መብራት ኃይል በአካባቢው መስመር ጠግኖ ሲመልስ የፌዞቹ ቅደም ተከተል ሊለወጥ ይችላል። ይህን የሚጠብቅ ሪሌ ያላቸው እንደ ስክሪው ኮምፕረሰር ያሉ ማሽኖች በተሳሳተ አቅጣጫ ላለመዞር ሲሉ አልነሳም ይላሉ። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ኤሌክትሪሺያን ዋናውን አጥፍቶ ከሦስቱ ሁለቱን ገመዶች ቢያቀያይራቸው ይነሳል። ስለዚህ “ትናንት መብራት ሄዶ ነበር” የምትለዋ ቃል ከብዙ ፎቶ ትበልጣለች።

ከመግዛት በፊት

ይህን ሁሉ ዕውቀት ባለሀብቱ ራሱ እንዲይዘው አይጠበቅም። የሚጠበቅበት ውል ላይ ነው። ኤል.ሲ. ከመከፈቱ በፊት የኤሌክትሪክ ዲያግራሙ፣ የመቆጣጠሪያው ፕሮግራም ቅጂና የይለፍ ቃሉ ከማሽኑ ጋር እንዲመጡ ይጻፍ። ሻጮች በኋላ ሲጠየቁ ያቅማማሉ፤ ገንዘቡ እጃቸው ሳይገባ ግን ይሰጣሉ።

ያገለገለ ማሽን የሚያሻሽጡ ደላሎችም ይህን ልብ ቢሉ ይጠቀማሉ። በአንዳንድ የቆዩ ማሽኖች ፕሮግራሙን ይዛ የምታቆየው ትንሽ ባትሪ ናት። ማሽኑ ተነቅሎ በኮንቴይነር ወራት ሲቆይ ባትሪዋ ካለቀች ፕሮግራሙ ይጠፋል። ቅጂ ከሌለ ያ ማሽን ሚዛን ላይ የሚወጣ ብረት ሊሆን ይችላል። የፕሮግራም ቅጂና ዲያግራም ያለው ያገለገለ ማሽን ከሌለው በላይ ዋጋ ቢጠየቅበት ተገቢ ነው።

የእርዳታ ሰዓትም ይጻፍ። ቻይና ከእኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ምሳ በልተው ሲደውሉ እዚያ ምሽት 12 ሰዓት ሆኗል፤ መሐንዲሱም ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው። በቻይናውያን አዲስ ዓመት ሰሞን ደግሞ ፋብሪካዎቹ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይዘጋሉ። ያን ጊዜ ማን ስልክ እንደሚያነሳ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

አዳዲስ ማሽኖች መሐንዲሱ በኢንተርኔት ገብቶ የመቆጣጠሪያውን ውስጥ እንዲያይ የሚያስችል መሣሪያ ይዘው ይመጣሉ። ጥሩ ነው፤ የቃሊቲው ባለሀብት ማሽን ይህ ቢኖረው የትኛው በር እንዳልተከፈተ በደቂቃዎች ይታይ ነበር። ይሁንና ሁለት ነገር ይጠበቅ። ግንኙነቱ ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ የሚከፈት፣ ሥራው ሲያልቅም የሚዘጋ ይሁን። ማሽኑንም ከሩቅ ያለ ሰው አያስነሳው። እሱ የሚያየው ቁጥር እንጂ እጁን ውስጥ ያስገባውን ሠራተኛ አይደለም። የማስነሻዋን ቁልፍ የሚጫነው ዘወትር አጠገቡ ቆሞ ዙሪያውን ያየ ሰው ነው።

ባለሀብቱ አሁን በሦስቱም ቀይ ቁልፎች አጠገብ በቀለም 1፣ 2፣ 3 ብለው አስጽፈዋል። ሁለተኛ ማሽን ለመግዛትም እየተደራደሩ ነው። በርክክቡ ዕለት የሻጩ ተከላ ሠራተኛ አንድ ቦታ ሆን ብሎ እንዲያቋርጠውና የእሳቸው ኤሌክትሪሺያን ከዋናው ፋብሪካ መሐንዲስ ጋር በስልክ ብቻ ተነጋግሮ እንዲያስነሳው፣ እስኪያስነሳውም ከክፍያው 10 በመቶው እንዲቆይ ጠይቀዋል። ሻጩ 5 በመቶ ብሏል።