መልስ የሚያሰላ ረዳት ፊት ያነባል?

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ረዳት የብዙ ሰው ሒሳብና መልስ በቃሉ ይዞ ሲሄድ፣ አንዲት እናት አሟት ፊቷ ቢጨማደድ ልብ ላይላት ይችላል። ሰው ግን ርኅራኄ ስለሌለው ነው ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?

አዛውንቱ፦ ፍርዱ ይከብዳል ልጄ። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር በ1924 እ.ኤ.አ. የሰውን የአንጎል ኤሌክትሪክ ከራስ ቅል ላይ ከቀዳ ወዲህ፣ ፊት አይተን የምናደርገውን በሺኛ ሰከንድ ልክ መከታተል ተችሏል። ፊት ከታየ ከ170 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ከራስ ቅል የኋላ ጎኖች አንድ ሞገድ ይመዘገባል፤ አንጎል ፊት መሆኑን የለየበት ምልክት ነው። ስሜቱን ማብላላት ግን ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ለአፍታ በአእምሯችን የምንይዘው ሲበዛ ደግሞ ቴታ የሚባለው፣ በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመላለሰው ሞገድ በግንባር መሃል ይጎላል። ለአፍታ የምንይዝበት ትውስታ ጠባብ ነው፤ ተመራማሪው ኔልሰን ካዋን በአንድ ጊዜ 4 ነገር ገደማ ይይዛል ይላል። ማክናማራ፣ ፌሪና ሃጃክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች 6 ፊደል በቃል ይዘው ስሜት የሚነካ ሥዕል ሲያዩ፣ ስሜት ሲብላላ ዘግይቶ የሚነሳው ሞገድ 2 ፊደል ብቻ ከያዙበት ጊዜ ይልቅ አነሰ። ረዳቱም ፊቷን ዓይኑ አይቶ ይሆናል፤ ያጠረው የሚያብላላበት ቦታ ነው።

ወጣቷ፦ ሥዕል ሌላ፣ ፊት ሌላ። የፈራ ሰው ፊትማ ሳንፈልግም ይስበናል።

አዛውንቱ፦ ይስባል፤ የተረፈ ትኩረት ካለ። በ2002 እ.ኤ.አ. ሉዊስ ፔሶዋና ባልደረቦቹ፣ ሞገድ ሳይሆን የደም ፍሰት በሚከታተል መሣሪያ፣ ተመልካቾችን መስመር በማነጻጸር ከባድ ሥራ ጠመዷቸው፤ ያን ጊዜ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ለስሜታዊ ፊት የሚሰጠው ልዩ ምላሽ ጠፋ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ እኔ ግን ማስረጃው ወደዚህ ያደላል ባይ ነኝ። ስለዚህ በደሴ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ የበሽተኞቿን የደም ግፊትና ተራ በቃሏ መያዝ የለባትም። ወረቀት ላይ ይስፈርላት፤ አእምሮዋ ሕመሙን መናገር ያቃተውን ሰው ፊት ለማንበብ ይትረፍ።

ወጣቷ፦ ልምድ ያላት ነርስ ሁለቱንም አትችልም? ደግሞስ የውጭ ሰው ፊት ላይ የተሠራ ጥናት ለወሎ ሰው ይሠራል?

አዛውንቱ፦ ልምድ የተበታተነውን በአንድ ስለሚያስር ሸክሙን ያቀላል፤ እሱን እቀበላለሁ። ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን ይበልጥ ከባድ ነው። ኤልፈንባይንና አምባዲ በ2002 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ሰው የወገኑን ፊት ስሜት ከባዕዱ ይልቅ አጥርቶ እንደሚለይ አገኙ። እንግዲህ በራሳችን ሰው ፊት መፈተን አለበት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናውን ደሴ፣ ቴክኖሎጂውን ኮምቦልቻ ይዟል፤ ሁለቱ ቢተባበሩ ሥራው የሚጀመር ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር የአንጎሉን ኤሌክትሪክ የሚቀዳውን ኤሌክትሮድ ከቆዳ ያርቃል የሚል ካለም መላ ተገኝቶለታል፦ አርኔል ኤቲየንና ባልደረቦቿ በ2020 እ.ኤ.አ. ጸጉሩን በሹሩባ ሠርተው፣ ኤሌክትሮዱን በመስመሮቹ መካከል አስቀምጠው ጥሩ ንባብ አግኝተዋል። ሹሩባ የሚሠራ እጅ ደግሞ ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል።