የባሕር ሚዛን፦ ከጃማይካ የምንማረው

በሱረቱ አር-ረሕማን የተወሳውን ሚዛን ስንቀራ ብዙዎቻችን የነጋዴውን ሚዛን ብቻ እናስባለን። ባሕር ውስጥም ሚዛን አለ።

ትምህርት ቤት የተማርነው የምግብ ሰንሰለትን ነው፤ አልጌ፣ ትንሽ ዓሣ፣ ትልቅ ዓሣ። እውነታው ግን መረብ ነው፤ አንዱ ፍጡር ብዙ ዓይነት ይበላል፣ ብዙዎችም ይበሉታል።

ጃማይካን እንመልከት። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው፤ አልጌ ከሸፈነው ይሞታል። አልጌውን ይግጡ የነበሩት ዓሦችና እሾሃሙ የባሕር ጃርት ናቸው። ዓሦቹ ከልክ በላይ ስለተጠመዱ ተመናመኑ፤ ሥራቸውን ግን ጃርቱ ሸፈነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አውሎ ነፋስ ኮራሉን ሲሰባብረው እንኳ ማገገም ጀምሮ ነበር። (እኛም ብናየው "ምን ጎደለ?" እንል ነበር።) በ1983 በሽታ ጃርቱን ፈጀው፤ የሚተካው አልነበረም። በ1970ዎቹ መጨረሻ የባሕሩን ወለል ከግማሽ በላይ የሸፈነው ኮራል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ5 በመቶ በታች ወረደ።

ስለዚህ ባሕር ጤነኛ የሚባለው ዓሣ ስለበዛበት ብቻ አይደለም፤ አንዱን ሥራ የሚጋሩ የተለያዩ ፍጡራን ሲኖሩበት ነው።

ሑጃጆቻችን በአውሮፕላን በሚያቋርጡት ቀይ ባሕርም በ2023 የዚህ ጃርት ዘመድ በገፍ ሲሞት ታይቷል። ባለቀበት ቦታ አልጌውን የመጋጡ ሥራ አሁን በይበልጥ የወደቀው በዓሦቹ ላይ ነው።