አይቡፕሮፌንና ባዶ ሆድ

ዶርም ውስጥ ራስ ሲያመን እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ነው። ሁለቱም ኮክስ የተባለውን ኢንዛይም ያግዳሉ፤ ኢንዛይሙ ሕመምና እብጠት የሚያባብሰውን ፕሮስታግላንዲን ያመርታል። ችግሩ፣ ይኸው ፕሮስታግላንዲን ጨጓራን ከአሲድ ይጠብቃል፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም ያግዛል። (ለኛ ለኢንጂነሪንጎች፦ አንድ ቫልቭ ዘግተን ሦስት መስመር እንደማድረቅ ነው።) ስለዚህ ጨጓራ ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይውሰደው፤ ጾሞ የዋለም ኢፍጣር ላይ በአንድ ቴምር ብቻ ከመዋጡ በፊት በደንብ ይብላ፣ ውሃም ይጠጣ።

ፓራሲታሞል ለጨጓራ ይቀላል፤ ሲበዛ የሚጎዳው ጉበትን ነው። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም ከሆነ ከ8 ፍሬ፣ ማለፍ የለበትም። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል አለባቸውና አብረው ይቆጠሩ።